የቅጂው ጉዞ፦ ሥልጣንና ብሔራዊ ማንነት በደቡብ አፍሪካ የሕትመት ጥበብ

መግቢያ

ዘመናዊ መንግሥት በአብዛኛው የሚገዛው በታተመ ወረቀት ነው። የመታወቂያ ደብተሩ፣ የብር ኖቱ፣ ቴምብሩ፣ የምርጫ ወረቀቱና አዋጁ የሚወጣበት ጋዜጣ ሁሉም የአንድ ቅርጽ ብዙ ቅጂዎች ናቸው። ዜጋው አገሩን በእጁ የሚይዛት በእነዚህ ቅጂዎች ነው፤ መንግሥትም ዜጋውን የሚቆጥረው በእነዚሁ ነው። ይህ እውነታ እንደ ደቡብ አፍሪካ ገሃድ የወጣባቸው አገሮች ጥቂት ናቸው። በ1952 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ሕግ ጥቁር ደቡብ አፍሪካውያን የይለፍ ደብተር ዘወትር ይዘው እንዲንቀሳቀሱ አስገደደ። ደብተሩን ሳይዝ የተገኘ ሰው በተወለደበት ምድር እንደ ሰርጎ ገብ ይታሰር ነበር። ኦገስት 9 ቀን 1956 ሃያ ሺህ ያህል ሴቶች በፕሪቶሪያ ወደሚገኘው የመንግሥት መቀመጫ የተመሙት ይህን የወረቀት አገዛዝ በመቃወም ነው።

በዚያ አገር የሕትመት ጥበብ ሥልጣንን የተቸው ሥልጣን ራሱ በሚሠራበት መሣሪያ ነው። ስለ እንዲህ ያሉ ሥራዎች የሚጻፉ ጥናቶች ግን ዓይናቸውን የሚተክሉት በአብዛኛው በምስሉ ላይ ነው፤ ምን ተሣለ? ማን ተተቸ? የትኛው ምልክት ምንን ይወክላል? ይህ ጽሑፍ ጥያቄዎቹ ተገቢ ቢሆኑም በቂ አይደሉም ሲል ይሞግታል። የአንድ ሕትመት ሂሳዊ አቅም በሁለት ተጨማሪ ጥያቄዎች ሊለካ ይገባዋል። አንደኛው፣ ሥራው ከባላጋራው አልፎ የራሱ ወገን የፈጠረውን የአገር ምስል ለመመርመር ይደፍራል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ቅጂው ከማተሚያው ከወጣ በኋላ የት ደረሰ፣ ማንስ አየው የሚል ነው። የደቡብ አፍሪካ ልምድ ሁለቱ ጥያቄዎች በአንድ ሥራ ላይ አብረው ምላሽ የሚያገኙት ከስንት አንዴ መሆኑን ያሳያል፤ ችግሩም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ከወለል ንጣፍ የተቀረጸ ታሪክ

አፓርታይድ ለጥቁሮች የነፈገው መሬትና የመምረጥ መብት ብቻ አልነበረም። በ1953 የወጣው የባንቱ ትምህርት ሕግ የጥቁሮችን ትምህርት ለዝቅተኛ ሥራ በሚያበቃ ልክ ገደበው፤ ሥነ ጥበብ የሚማሩባቸው በሮችም እጅግ ጥቂት ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ ስዊድናውያኑ ፔደርና ኡላ ጎወኒየስ ከሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር በመሆን በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሮርክስ ድሪፍት የጀመሩት የሥነ ጥበብና የእደ ጥበብ ማዕከል ነው። ማዕከሉ በሽመናው፣ በሸክላ ሥራውና በተለይም በሊኖሊየም ሕትመቱ ይታወቃል።

ሊኖሊየም የወለል ንጣፍ ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ከእንጨት ይልቅ ለስላሳ በመሆኑ ለትንሽ መቅረጫ ይታዘዛል። የተቀረጸው ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ሳይነካ የቀረው ቀለም ተቀብቶ ይታተማል። ማተሚያ መኪና የሌለው ሰው ወረቀቱን በላዩ አንጥፎ በማንኪያ ጀርባ ቢያሸው ቅጂውን ያገኛል። ጽሑፍ የሚጨመርበት ከሆነ ፊደሉ በመስታወት እንደሚታይ ተገልብጦ መቀረጽ አለበት። በዚህ ዘዴ አዛርያ ምባታ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪኮች በጥቁር ሰዎች አካልና ገጽታ ቀረጸ፤ ጆን ሙአፋንጌዮ ደግሞ ምስልንና ጽሑፍን በአንድ ገጽ አጣምሮ የናሚቢያን ሕዝብ፣ የቤተ ክርስቲያንንና የራሱን ሕይወት ተረከ። ሥዕሉና መግለጫው ጎን ለጎን በሚኖሩበት የብራና ባህል ውስጥ ያደገ አንባቢ ይህን ጥምረት ለመረዳት አይቸገርም።

በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ ተቃውሞው ከመፈክር አይነሳም። ሕጉ ከሰው ተራ ያወጣው ሰው የቅዱስ ታሪክ ባለቤት ሆኖ መቅረቡ ራሱ የሕጉን መሠረት ይንዳል። ከቅጂው አንጻር ሲታዩ ግን አብዛኞቹ በማዕከሉ፣ በኤግዚቢሽንና በገዢዎች መካከል የተመላለሱ ሥራዎች ናቸው። ቅጂው ወደ አደባባይ የወጣው ሌላ ትውልድ ሌላ ዘዴ ይዞ ሲመጣ ነው።

ቁጥር ያልተጻፈበት ፖስተር

በ1970ዎቹ መጨረሻ በቦትስዋና ዋና ከተማ በጋቦሮኒ የተሰባሰቡ ስደተኛ ደቡብ አፍሪካውያንና አጋሮቻቸው ሜዱ የተባለ የኪነ ጥበብ ስብስብ አቋቋሙ። ሜዱ በሴፔዲ ቋንቋ ሥሮች ማለት ነው። አባላቱ አርቲስት የሚለውን መጠሪያ ትተው ራሳቸውን የባህል ሠራተኞች ብለው ጠሩ። ፖስተሮቻቸውን ያትሙ የነበረው በሲልክ ስክሪን ነው፤ ይህም በእንጨት ማዕቀፍ ላይ በተወጠረ ጨርቅ ቀለሙን በላስቲክ እየገፉ ማተም ሲሆን፣ ካናቴራ የሚያትም የአዲስ አበባ ወጣት ሁሉ የሚያውቀው ዘዴ ነው። የታተሙት ፖስተሮች በድብቅ ድንበር ተሻግረው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ይለጠፉ ነበር፤ መንግሥትም አገዳቸው። የሴቶቹ ሰልፍ 25ኛ ዓመት በ1981 ሲታሰብ ጁዲ ሳይድማን የሠራችው ፖስተር ከስብስቡ ሥራዎች ሁሉ ይበልጥ ከሚታወቁት አንዱ ነው።

ጁን 14 ቀን 1985 የደቡብ አፍሪካ ጦር ድንበር ጥሶ ጋቦሮኒ ውስጥ ባደረሰው ጥቃት 12 ሰዎች ተገደሉ። ከመካከላቸው አንዱ በሮርክስ ድሪፍት የተማረው የሜዱ ሠዓሊ ታሚ ምንዬሌ ነበር። ስብስቡም በዚያው አበቃ። ጥቃቱ የታለመው በጥበብ ላይ ብቻ ነበር ማለት አይቻልም፤ ሜዱ በዚያ አገዛዝ ዓይን ከትጥቅ ትግሉ ተነጥሎ እንደማይታይ ግን ግልጽ አድርጓል።

እዚህ ላይ አንድ ቴክኒካዊ የሚመስል ልዩነት ትልቅ ትርጉም አለው። በጋለሪ ዓለም በአንድ ሕትመት ግርጌ 3/25 ተብሎ ቢጻፍ ከ25 ቅጂዎች ሦስተኛው ማለት ነው። ቁጥሩ ቅጂው ውድ ሆኖ እንዲቆይ ለገዢው የተሰጠ ዋስትና ነው። የትግል ፖስተር ግን የሚሠራው ተለጥፎ፣ ዝናብና ፖሊስ ቀዶት፣ እንደገና ተለጥፎ እንዲያልቅ ነው። ዋጋው በተለጠፈበት ሰዓት ባዩት ሰዎች ብዛትና በለጣፊው ላይ በሚደርሰው አደጋ ይለካል።

ሁለተኛውን ጥያቄ በሚገባ የመለሰው ይህ ሥራ ግን የመጀመሪያውን ለማንሳት ጊዜም ምክንያትም አልነበረውም። የተነሳው ክንድ፣ ሠራተኛው፣ እናቲቱ፣ ባንዲራው ለተከፋፈለ ሕዝብ አንድ የአገር ፊት ሰጡት። በትግል ጊዜ ይህ አስፈላጊ ነበር። ትግሉ ሲያሸንፍ ግን ያ ፊት የገዢው ፓርቲ ፎቶግራፍ ሆነ፤ ትናንት በድብቅ የተለጠፈው ምስል ዛሬ የሥልጣን ማኅተም የመሆን ዕድል አገኘ።

ሰላም የተባለው ዘመን

በኤፕሪል 1994 የተካሄደው የመጀመሪያው ሁሉን አቀፍ ምርጫ የራሱ የሆነ የሕትመት ታሪክ አለው። የምርጫ ወረቀቱ ከታተመ በኋላ የኢንካታ ፓርቲ በመጨረሻው ሰዓት ለመወዳደር በመስማማቱ ስሙና ምልክቱ ያለበት ተለጣፊ በወረቀቱ ግርጌ ላይ እንዲጨመር ተደረገ። አዲሲቱ አገር ስትወለድ የተጻፈችበት ወረቀት ተጣብቆ የተሟላ ነበር። ይህ ትንሽ ዝርዝር ብሔራዊ ማንነት የተጠናቀቀ ቅርጽ ሳይሆን ዘወትር የሚታረም እትም መሆኑን ከብዙ ንግግር በላይ ያስረዳል።

ሳንዲሌ ጎጄ በ1993 የሠራው የሊኖሊየም ሕትመት የዚያን ወቅት ተስፋ ይዞ ቆይቷል። በሥራው ውስጥ ባህላዊ ጎጆና የአውሮፓ መልክ ያለው ቤት እጅና እግር አውጥተው ይጨባበጣሉ። ሐሳቡ ቀላል፣ ቀልዱም ደግነት ያለበት ነው። ሆኖም ሁለቱ ቤቶች እንደ እኩያ ሲጨባበጡ የቆሙበት መሬት የማን እንደሆነ ምስሉ አይጠይቅም። በ1913 የወጣው የመሬት ሕግ ለጥቁሮች የተወው ከአገሪቱ መሬት 7 በመቶ ያህሉን ሲሆን፣ በ1936 ገደቡ ወደ 13 በመቶ ግድም ከፍ ብሏል። ይህን የሚያስታውስ ተመልካች የጎጄን ሥራ እንደ ምስክርነት ከሚያየው ይልቅ እንደ ምኞት ቢያየው ይበጃል።

ዊልያም ኬንትሪጅ በ1996 የጀመራቸው ስምንት ኢቺንጎች፣ ማለትም በአሲድ በተበላ የብረት ሰሌዳ የታተሙ ሥራዎች፣ ምኞቱን ወደ ምርመራ ወሰዱት። በዚያው ዓመት ሥራውን የጀመረው የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን፣ በፖለቲካ ዓላማ ወንጀል የፈጸሙ ሰዎች የሠሩትን ሙሉ በሙሉ ከተናዘዙ ምሕረት የሚያገኙበትን መንገድ ከፍቶ ነበር። ኬንትሪጅ ፈረንሳዊው አልፍሬድ ዣሪ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ለመድረክ የፈጠረውን ጨካኝና አስቂኝ ንጉሥ ኡቡን ወስዶ በደቡብ አፍሪካ ምድር አቆመው። በሰሌዳዎቹ ላይ በነጭ መስመር የተነደፈው ወፍራም ኡቡ በእርቃኑ ሰው ምስል ላይ ተደርቦ ይታያል። አንዱ የካርቱን ገጸ ባሕርይ፣ ሌላው ሥጋና ደም ያለው አካል ነው። ተመልካቹ በዳዩን እንደ ጭራቅ ስቆ ሊያልፈው ሲል ከሥሩ ሰው ያገኛል፤ ሰው ነው ብሎ ሊያዝንለት ሲልም ጭራቁ ይጋርደዋል። ኑዛዜ እውነትን ሲያወጣ ፍትሕን ምን ያህል ሊያስቀር እንደሚችል የሚጠይቀው ይህ መደራረብ ነው።

ዳያን ቪክተር ደግሞ ከ2001 ጀምሮ በሠራችው "የሰላም መዓቶች" በተሰኘ ተከታታይ ሥራ ጥያቄውን ወደ ዕለት ተዕለት ኑሮ አወረደችው። ርእሱ ስፔናዊው ፍራንሲስኮ ጎያ የናፖሊዮንን ወረራ ዘመን ከቀረጸባቸው የጦርነት መዓቶች የተወሰደ ነው። የጎያ ሰማንያ ሰሌዳዎች ታትመው የወጡት እርሱ በሞተ በ35ኛው ዓመት፣ በ1863 ነው፤ ስለዚህ ሂሱ በዘመኑ ሰዎች እጅ አልደረሰም። ቪክተር ከጋዜጣ ዜና የምትለቅማቸውን የግፍ፣ የመደፈር፣ የሙስናና የቸልተኝነት ታሪኮች በመዳብ ላይ ትቀርጻለች። ጋዜጣውም ሕትመት ነው፤ ነገር ግን በማግስቱ ይጣላል። ዜናው በአሲድ ቀስ እያለ ሲበላና ሲጠልቅ፣ አንባቢው በሩብ ደቂቃ ያለፈው ነገር ሠዓሊዋን ቀናት ፈጅቶ ተመልካቹን ቆሞ እንዲያይ ያስገድደዋል። ጦርነት አብቅቷል በተባለበት አገር ሰላም የሚለውን ቃል ራሱን መክሰሷ የመጀመሪያውን ጥያቄ በሚገባ ይመልሳል። ሥራዎቿን በአካል ለማየት ግን ብዙውን ጊዜ የጋለሪ ወይም የሙዚየም በር ማለፍ ያስፈልጋል።

ውርሱ የማን ነው?

ብሬት መሪ በ2010 በኬፕ ታውን፣ በ2012 ደግሞ በጆሃንስበርግ ባሳየው ኤግዚቢሽን የትግሉን ዘመን ፖስተሮች መልክና ቋንቋ ወስዶ የአዲሶቹን ባለሥልጣናት ቅንጦትና ጉቦ የሚሳለቁ አድርጎ ለወጣቸው። በጆሃንስበርጉ ኤግዚቢሽን ላይ የነበረ የፕሬዚዳንት ጃኮብ ዙማ ሥዕል እርቃንን በማሳየቱ ከባድ ቁጣ ቀሰቀሰ፤ ገዢው ፓርቲ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ሜይ 22 ቀን 2012 ሁለት ሰዎች በሥዕሉ ላይ ቀለም ደፉበት። ያ ጭቅጭቅ በዙሪያው የተሰቀሉትን ፖስተሮች ሸፈናቸው። ከዚህ ጽሑፍ ጥያቄ አንጻር ግን ይበልጥ የሚያነጋግሩት እነርሱ ናቸው።

ሊቀርብ የሚችለው መቃወሚያ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ፖስተሮች የሠሩትና የለጠፉት ሰዎች በስደት፣ በእስርና በደም ዋጋ ከፍለውባቸዋል። ያንን ቋንቋ አንድ ነጭ ሠዓሊ ውድ ጋለሪ ውስጥ ለስላቅ ሲያውለው ከገዢዎቹ ይልቅ ሟቾቹ የተነኩ ሊመስል ይችላል። በሌላ በኩል፣ የነፃነት ትግል ምስል ሊነካ የማይችል ከሆነ ጣዖት ይሆናል፤ ጣዖቱም የሚያገለግለው በስሙ የሚነግዱትን ነው። ሁለቱም ክርክሮች እውነት አላቸው። ይሁንና ድክመቱ ከሠዓሊው የቆዳ ቀለም ይልቅ ከቅጂው መንገድ ይመነጫል። መሪ የፖስተሩን መልክ ወሰደ፤ መንገዱን ግን አልወሰደም። የትናንቱ ፖስተር በሌሊት በአደጋ ተለጠፈ፤ የዛሬው በብርሃን ተሰቅሎ ተሸጠ። ዜጎችን በሚመለከት ጉዳይ ላይ የቀረበው ትችት በመጀመሪያ የደረሰው የጋለሪውን መግቢያ ለለመዱት ነው።

ከጋለሪው ወደ ግድግዳው

ኦገስት 16 ቀን 2012 በማሪካና የፕላቲኒየም ማዕድን ማውጫ አካባቢ ፖሊስ 34 የሥራ ማቆም አድማ የመቱ ሠራተኞችን ተኩሶ ገደለ። ከሟቾቹ አንዱ አረንጓዴ ብርድ ልብስ ለብሶ በአድማው ፊት ይታይ የነበረው ምግሲኔኒ ኖኪ ነው። ከዚያ በኋላ ቶኮሎስ በሚል ስም ማንነታቸውን ሳይገልጹ በኬፕ ታውን የተነሱ ወጣቶች የዚህን ሰው ምስል በስቴንስል ቀርጸው፣ ማሪካና እንዳይረሳ ከሚያሳስብ ጽሑፍ ጋር በከተማዋ ግድግዳዎች ላይ ረጩት።

ስቴንስል የሕትመት ጥበብ አይደለም የሚል ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ሲልክ ስክሪን ራሱ በጨርቅ ላይ የተወጠረ ስቴንስል ነው፤ በሁለቱም ዘንድ ቀለም የሚያልፈው በተከፈተው ቦታ ብቻ ነው። የቶኮሎስ ሥራ ቁጥር የለውም፣ ፊርማ የለውም፣ አይሸጥም። ግድግዳው ቢቀባ ቅርጹ ተጣጥፎ በኪስ ይገባልና ሌላ ግድግዳ ያገኛል። ከሁሉ በላይ፣ የሜዱን መንገድ የወረሱት እነዚህ ወጣቶች ትችታቸውን ያነሱት የሜዱ ትግል ሥልጣን ላይ ባወጣው መንግሥት ላይ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች አብረው ለመመለስ የቀረቡት እዚህ ላይ ነው።

ይህም ግን ፍጹም መልስ አይደለም። በጥድፊያ የሚረጭ ስቴንስል የኬንትሪጅን መደራረብ ወይም የቪክተርን ዝርዝር መሸከም አይችልም። በአረንጓዴ ብርድ ልብሱ የሚታወቀው ሰው ከጊዜ በኋላ የሌላ ፓርቲ ካናቴራ ላይ የሚታተም አርማ ላለመሆኑ ማንም ዋስ አይሆንም። ፈጣኑ ቅጂ ጥልቀት ሲጎድለው ጥልቁ ቅጂ መንገድ ይጎድለዋል። ይህን ክፍተት የሚያጠብብ ነገር ካለ የጋራ ማተሚያ ቤት ነው። ኪም በርማንና ንህላንህላ ካባ በ1991 በጆሃንስበርግ የመሠረቱት የሕትመት ስቱዲዮ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በ2003 በደረሰ ቃጠሎ ካባ ሞተ፤ ስቱዲዮው ግን እንደገና ተቋቁሞ ወጣቶችን ማሠልጠኑን ቀጠለ። ከባድ ማተሚያ አንድ ሰው በቀላሉ ሊገዛው የማይችል መሣሪያ በመሆኑ ብዙዎች በዙሪያው ይሰበሰባሉ፤ የአንዱ ሰሌዳ በሌላው እጅ ይታተማል። የሥራው ጠባይ ራሱ ትምህርትንና ክርክርን ከአንድ ጣሪያ በታች ያገናኛል።

ለአገር ቤት ጥናት የሚተርፈው

የደቡብ አፍሪካው ታሪክ ለኢትዮጵያውያን አጥኚዎች ሩቅ አይደለም። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ሃንሰን ባሂያ በሚል ስም የሚታወቀው ጀርመናዊው ካርል ሃይንዝ ሃንሰን በ1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የእንጨት ቅርጽ ሕትመት አስተምሯል። የተማሪዎች እንቅስቃሴ በራሪ ወረቀቶች በስቴንስል ተባዝተው ከእጅ ወደ እጅ ተላልፈዋል። በደርግ ዘመን ደግሞ የአብዮት በዓላትና የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፖስተሮች ግድግዳውን ሞልተውታል። የማባዛት ጥበብ መንግሥትንም ተቃዋሚንም አገልግሏል፤ ሁለቱም ኢትዮጵያ ምን ትመስላለች ለሚለው ጥያቄ የታተመ መልስ ሰጥተዋል።

እነዚህን ሥራዎች የሚያጠና ተማሪ የምስሉን ምልክት ከመተንተን አልፎ የቅጂውን ጉዞ መመዝገብ ይኖርበታል። በየትኛው ማተሚያ ታተመ? በስንት ቅጂ? ማን አከፋፈለው? የት ተለጠፈ? ማን ቀደደው? ማን ደበቀው? አሁን የት ይገኛል? እነዚህ ጥያቄዎች የሚመለሱት በሙዚየም መዝገብ ብቻ ሳይሆን በሰው ትዝታም ነው። ቀለም የነካቸው፣ የስቴንስል ማባዣውን እጀታ ያሽከረከሩ፣ በሌሊት ሙጫ ይዘው የወጡ ሰዎች እያረጁ ነው፤ ወረቀቱም እየሳሳ ነው። ዛሬ ያልተጠየቀው ነገ የሚጠየቅበት ሰው ላይኖር ይችላል።

ማጠቃለያ

የሜዱ ፖስተሮች በ2019 በቺካጎ የሥነ ጥበብ ኢንስቲትዩት ለብቻቸው ኤግዚቢሽን ቀርበውላቸዋል። ይህ መልካም ነው፤ ባይሰበሰቡ ኖሮ ይጠፉ ነበር። በመስታወት ውስጥ የተቀመጠው ፖስተር ግን ምስሉን እንጂ መንገዱን አያሳይም። ያንን መንገድ መልሶ መጻፍ የአጥኚው ድርሻ ነው። የሕትመት ጥበብ ሥልጣንንና ብሔራዊ ማንነትን ይተቻል የሚለው አባባል ሙሉ ትርጉም የሚያገኘው፣ ሠዓሊው የራሱን ወገን ምስል ለመጠየቅ ሲደፍርና ቅጂውም ለሚመለከታቸው ሰዎች ሲደርስ ነው። ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል፣ ሥራው የተዋበ ቁጣ ወይም የተባዛ መፈክር ሆኖ ይቀራል። የሂስ ሚዛኑም ከዚህ በኋላ ሁለቱን አብሮ መመዘን ይገባዋል።